ሚኒስትር በየት ገብቶ በየት ይወጣል? ስለ ኬንያ ካቢኔዎች

(ባለፈው ቅዳሜ ናይሮቢ፣ በሐበሾች ስብሰባ ላይ ያደረግኩት ንግግር ነው። ልጆቹ በስልክ ቀድተውት ስለነበር እየሰማሁ ጻፍኩት፣ ብዙም አልነካካሁትም።)

እንደምን ዋላችሁ! እናቶች፣ አባቶች፣ እንደምን ዋላችሁ። እናንተ ከኋላ የቆማችሁት ወጣቶች ወደ ፊት ኑ እንጂ፣ ወንበር ሞልቷል፣ እኔ እንደሆን አልናከስም። ቡናው እስኪፈላ ድረስ ያለው ጊዜ ያንተ ነው ተብያለሁ፣ ስለዚህ ቶሎ ልጀምር።

አዘጋጆቹ «ስለ ኬንያ ፖለቲካ አንድ ነገር በለን» ሲሉኝ ፖለቲካው ሰፊ ነው፣ ስለ ካቢኔው ብቻ ላውራ አልኳቸው። «እሱ ምን ይሠራልናል?» አለኝ አንዱ። ምን ይሠራልናል? እዚህ አገር የምንኖር ሰዎች ነን'ኮ! የስደተኛ ወረቀታችን፣ የሥራ ፈቃዳችን፣ የሱቃችን ጣጣ፣ ዞሮ ዞሮ አንድ ሚኒስትር ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፈው። በ2014 ኢስሊ ሠፈር ላይ የፖሊስ አሰሳ ተደርጎ ሰዉ ካሳራኒ ስታዲየም ሲወሰድ እዚህ የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ። ያኔ የአገር ውስጥ ሚኒስትሩን ስም ያልሸመደደ ሐበሻ ነበር? አልነበረም!

እና የማን ካቢኔ ጥሩ ነበር የማን መጥፎ ነበር ልላችሁ አልመጣሁም። ማን ተሾመ የሚለውንም ለጊዜው ተዉት፣ ስሞቹ እንደምታዩት ይደጋገማሉ፣ አባት ይሄዳል ልጅ ይመጣል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ሚኒስትሩ በየት በር ገባ? በየት በር ወጣ? ይቺን ጥያቄ ይዛችሁ ከ1963 ጀምሮ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጠራው) እስከ ዛሬ ብትመጡ የዚህን አገር ታሪክ ግማሹን ታገኙታላችሁ። በፕሬዚዳንቶቹ ዘመን በሦስት ከፍዬ ነው የማወራው፦ ኬንያታ፣ ሞይ፣ ከዚያ ከኪባኪ ወዲህ ያለው። መሀል ላይ ከመንገድ ከወጣሁ መልሱኝ።

አንደኛ፣ ጆሞ ኬንያታ።

እንግሊዞች ጁን 1963 ላይ የውስጥ አስተዳደሩን ሰጡ፣ ኬንያታ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነ፣ ዲሴምበር 12 ነፃነት መጣ፣ በዓመቱ ደግሞ አገሪቱ ሪፐብሊክ ሆነች እሱም ፕሬዚዳንት። የመጀመሪያው ካቢኔ ውስጥ እነማን ነበሩ መሰላችሁ? ኦጊንጋ ኦዲንጋ የአገር ውስጥ ጉዳይ፣ ቶም ምቦያ የፍትህና ሕገ መንግሥት፣ ጄምስ ጊቹሩ ገንዘብ፣ በእንግሊዞች ጊዜ ከኬንያታ ጋር ካፔንጉሪያ ላይ ተፈርዶበት የታሰረው አቺየንግ ኦኔኮ ማስታወቂያ፣ ብሩስ ማኬንዚ የሚባል ነጭ ደግሞ ግብርና። አዎ ነጭ! መሬቱን የያዙት ሰፋሪዎች እንዳይደነግጡ ነበር። እስረኛውም፣ ሰፋሪውም፣ ሶሻሊስቱም፣ የአሜሪካ ወዳጁም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ሁሉም የገቡት በአንድ በር ነው፣ በትግሉና በፓርቲው በር።

አወጣጣቸው ግን? ኦዲንጋ በ1964 መጨረሻ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ከዚያ በመሬትና በውጭ ፖሊሲ ከኬንያታ ጋር ተቃቃሩ። ማርች 1966 ሊሙሩ ላይ የፓርቲው ጉባኤ ተጠራና የፓርቲውን አንድ የምክትል ፕሬዚዳንት ቦታ ስምንት ቦታ ሸነሸኑት። ለስምንት! ሰውየውን አላባረሩትም እንግዲህ፣ ወንበሩን ነው የከተፉት። ገባውና ኤፕሪል ላይ ለቀቀ፣ ኦኔኮም ተከትሎት ወጣ፣ የራሳቸውን ፓርቲ አቋቋሙ፣ በ1969 ፓርቲው ታግዶ ሁለቱም ታሰሩ። ከሚኒስትርነት ወደ እስር ቤት ሦስት ዓመት ነው የፈጀው።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፣ ከተማ መሀል ሞይ አቬኑ ላይ የቶም ምቦያን ሐውልት ያላየ አለ? ፍላሚንጎዎቹ ከሥሩ ያሉት። ማታቱ፣ ሚኒባስ ታክሲ ማለቴ ነው፣ ስትጠብቁ በጎኑ የምታልፉት'ኮ ነው። ቅዳሜ ቀን ነበር፣ ጁላይ 5 ቀን 1969፣ ያኔ መንገዱ ጋቨርመንት ሮድ ነው የሚባለው፣ ምቦያ ከአንድ ፋርማሲ ሲወጣ በጥይት ተመታ። የኢኮኖሚ ፕላን ሚኒስትር ነበር፣ ዕድሜው 38። ከሐውልቱ ፊት ለፊት ደግሞ ብሔራዊ ቤተ መዛግብቱ አለ፣ ወደ ውስጥ ግቡ፣ ምድር ቤቱ በጆሴፍ ሙሩምቢ ስም የተሰየመ ነው፣ እሱ የሰበሰባቸው የአፍሪካ ዕቃዎች ናቸው ያሉት። ሙሩምቢ ማን ነው? ከኦዲንጋ ቀጥሎ ምክትል ፕሬዚዳንት የተደረገው ሰው ነው። ጥቂት ወር ሠርቶ 1966 ሳያልቅ በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ፣ ወደ መጽሐፉና ወደ ሥዕሉ ሄደ። እዚያ መንገድ ላይ በጥይት የወጣና በፈቃዱ የወጣ ሁለት የአንድ ካቢኔ ሰዎች ትይዩ ናቸው። እኔ ከአገር ቤት እንግዳ ሲመጣብኝ መጀመሪያ የምወስደው እዚያ ነው፣ እንስሳ ፓርኩን ሁሉም ያየዋል።

አንዷን ጨምሬ ኬንያታን ልዝጋው፣ ይቺ ደስ ትለኛለች። ፖል ንጌይ የሚባል ሚኒስትር ነበር፣ እሱም ካፔንጉሪያ ከኬንያታ ጋር የታሰረ። በ1975 ፍርድ ቤት በምርጫ ጥፋት ጥፋተኛ ብሎት ለአምስት ዓመት እንዳይወዳደር ታገደ። ምን ይደረግ? ሕገ መንግሥቱ ተቀየረ! ፕሬዚዳንቱ የምርጫ ጥፋትን ይቅር ማለት ይችላል የሚል ማሻሻያ በችኮላ ፓርላማ ውስጥ አለፈ፣ ንጌይም ተመለሰ። አንድ ሰው ለማስገባት የግድግዳው በር ሰፋ ማለት ነው። አባቶቻችን «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይላሉ አይደል፣ እዚህ አገርም «የኛ ተራ ነው የምንበላው» የሚባለው ከዚያው ነው። ሚኒስትር ማለት ለራሱ ብቻ የሚሾም ሰው አልነበረም፣ ለመንደሩ መንገድ፣ ለመንደሩ ትምህርት ቤት፣ ለመንደሩ ሥራ ነው የሚሾመው። አንዱ ሲወጣ አንድ አካባቢ ነው አብሮ የሚወጣው።

ሁለተኛ፣ ሞይ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፣ ምክንያቱም እኔ የደረስኩበት ዘመን ነው።

ሞይ ከ1967 ጀምሮ የኬንያታ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኖ ዝም ብሎ ተቀመጠ። በ1976 የኬንያታ ዙሪያ ያሉት ትልልቅ ሰዎች «ፕሬዚዳንቱ ቢሞት ምክትሉ አይተካ» ብለው ሕገ መንግሥቱን ሊያስቀይሩ ተነሱ። ማን አቆማቸው? ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቻርልስ ንጆንጆ። የፕሬዚዳንቱን ሞት ማሰብ፣ ማሰብ ብቻ! በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው ብሎ አስጠነቀቀ። ዝም አሉ። ኦገስት 22 ቀን 1978 ኬንያታ ሞምባሳ ላይ ሲሞት ሞይ በዚያው ቀን ቃለ መሐላ ፈጸመ። ታዲያ ንጆንጆ ምን አተረፈ? ሚኒስትር ሆነ፣ ከዚያ በ1983 «ውጭ ኃይሎች የሚያዘጋጁት ከሃዲ አለ» የሚል ንግግር ከሞይ ወጣ፣ ጣቱ ወደ እሱ ዞረ፣ ለቀቀ፣ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቋመበት፣ በ1984 መጨረሻ ይቅርታ ተደረገለት። በር የከፈተ ሰው ነው በሩ የተዘጋበት።

በቃ ከዚያ በኋላ ሚኒስትር ማለት ምን እንደሆነ ሞይ ራሱ ተናገረ። ሴፕቴምበር 1984 ነው፣ ከየት ሲመለስ መሰላችሁ? ከአዲስ አበባ ሲመለስ! ሚኒስትሮችም ምክትሎቻቸውም ሁሉ እኔን ተከትለው እንደ በቀቀን ይዘምሩ አለ። እኔም በኬንያታ ጊዜ እንደዚያ ነበርኩ፣ እሱ የዘመረውን ነው የዘመርኩት አለ። (እኛ አገር በዚያ ወር ምን ይከበር እንደነበር ትልልቆቹ ታውቃላችሁ፣ 10ኛው የአብዮት በዓል፣ እኛም በሰልፍ ስንዘምር ነበር፣ እንግዲህ ማን ከማን እንደተማረ አላውቅም... ሳቃችሁን ቀንሱ፣ ቀረጻው ላይ ይገባል።)

አሁን ከመንገድ ልውጣ። ዘጠናዎቹ መሀል ላይ ኪሪንያጋ ሮድ አንድ መለዋወጫ ሱቅ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ባለቤቱ ሽማግሌ ኬንያዊ ነው፣ ምዜ ነው የምንለው። ይሄ ሰውዬ ቀኑን ሙሉ የማይሰማውን ሬዲዮ በየቀኑ ሰባት ሰዓት ሲሆን፣ ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ነው'ኮ፣ ድምፁን ከፍ ያደርገዋል። ሱቁ ዝም ይላል። ጎረቤት ሱቆችም ያው ሬዲዮ፣ መንገዱ በሙሉ አንድ ድምፅ ይሆናል። ለምን? ሞይ የሚሾመውም የሚሽረውም በመንግሥት ሬዲዮ የምሳ ሰዓት ዜና ነዋ! ደብዳቤ የለ፣ ስልክ የለ። ሚኒስትሩ ራሱ ምሳ እየበላ ከሬዲዮ ነው መሻሩን የሚሰማው።

አንድ ቀን የአንድ ሚኒስትር ሾፌር መጣ። የሚኒስትሩን መርሴዲስ ሱቁ በር ላይ አቁሟታል፣ የባንዲራዋ ዘንግ ፊት ለፊት ላይ በቆዳ ሽፋን ተሸፍና። የፋን ቤልት ነው የሚፈልገው። ኤልፒኦ ይዟል፣ መሥሪያ ቤቱ በኋላ የሚከፍልበትን የግዢ ወረቀት ማለቴ ነው፣ ተፈርሟል ማኅተሙም አለ። እኔ ቤልቱን ከመደርደሪያ አውርጄ ካውንተሩ ላይ አስቀመጥኩ። ዜናው ገባ። አንባቢው ስሞቹን መጥራት ጀመረ፣ እገሌ ከዚህ ወደዚያ ተዛውሯል፣ እገሌ ተሹሟል፣ ከዚያ የዚህ ሾፌር አለቃ ስም ተጠራ፣ ከኃላፊነቱ ተነስቷል፣ አለቀ። አንድ ዓረፍተ ነገር አይሞላም። ሾፌሩ ምንም አላለም። ምዜ ግን ቀስ ብሎ እጁን ዘረጋና ቤልቱን ወደ ራሱ ሳበው፣ «ካሽ» አለ። ሾፌሩ ወረቀቱን አሳየው፣ ፊርማውን በጣቱ እየነካ። ምዜ ራሱን ነቀነቀ፣ «ካሽ»። ልጁ ኪሱን ቢፈትሽ የለውም፣ በአሮጌው ቤልት እየጮኸች መኪናዋን ነድቶ ሄደ።

ይሄን የምነግራችሁ ለሳቅ ብቻ አይደለም። ያ ወረቀት የመሥሪያ ቤት ወረቀት ነው፣ የመንግሥት ማኅተም ነው ያለበት፣ ሚኒስትሩ ቢሄድም ሚኒስቴሩ አልሄደም። ምዜ ግን አላመነውም! ሰውየው ከወጣ መሥሪያ ቤቱም አብሮ የወጣ ያህል ነው የቆጠረው። ተሳሳተ? እኔ አልፈርድበትም፣ ከዚያ በፊት ስንቱን አይቶ።

ምክትል ፕሬዚዳንቶቹም እንደዚሁ ነበሩ። ኪባኪ አሥር ዓመት ምክትል ሆኖ በ1988 ወደ ጤና ሚኒስቴር ወረደ። ካራንጃ መጣ፣ እንደምንም ዓመት ቆይቶ፣ በ1989 ሞይ ውጭ አገር ሲሄድ እንደ ፕሬዚዳንት ይሆናል ተብሎ በፓርላማ ተወርዶበት ለቀቀ። ሳይቶቲ መጣ፣ ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ሞይ ቦታውን ከአንድ ዓመት በላይ ባዶ አድርጎ ተወው፣ ከዚያ ያንኑ ሳይቶቲን መልሶ ሾመው፣ በ2002 ደግሞ ሞይ ይተካኝ ያለውን የጆሞን ልጅ ኡሁሩ ኬንያታን አልደግፍም ሲል አነሳው። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሮበርት ኡኮ ደግሞ በ1990 ከቤቱ ጠፍቶ አስከሬኑ ተቃጥሎ ተገኘ፣ እስከ ዛሬም በግድያው የተፈረደበት ሰው የለም። ስለ እሱ ብዙ አልልም። የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር የተሾመችውስ መቼ ነው? ኒቫ ምዌንድዋ፣ በ1995። ከነፃነት 32 ዓመት በኋላ! እህቶቼ ይሄን ያዙልኝ።

ሦስተኛ፣ ከኪባኪ ወዲህ።

በ2002 መጨረሻ ተቃዋሚዎች ተባብረው አሸነፉ፣ ኪባኪ በመኪና አደጋ ተጎድቶ ስለነበር በተሽከርካሪ ወንበር ሆኖ ነው ኡሁሩ ፓርክ ላይ የማለው። ደስታው! እዚያ ነበርኩ፣ እኛ ሐበሾቹ ሁሉ አብረን ስንጨፍር ነበር፣ ምን አገባን ሳንል። ግን ሥልጣን ለመካፈል የተፈራረሙት ስምምነት ነበረ፣ የኦዲንጋ ልጅ ራይላ ተካድኩ አለ። ኖቬምበር 2005 አዲስ ሕገ መንግሥት ለሕዝበ ውሳኔ ቀረበ፣ የ«አዎ» ምልክት ሙዝ፣ የ«አይሆንም» ብርቱካን፣ እና የኪባኪ የራሱ ሚኒስትሮች በባንዲራ መኪና እየዞሩ ብርቱካን ምረጡ ይሉ ነበር! ብርቱካን አሸነፈ። በሁለተኛው ቀን ኪባኪ ካቢኔውን በሙሉ በተነ። አዲስ ካቢኔ ሲያወጣ ደግሞ ከተሾሙት አንዳንዶቹ አንፈልግም አሉ። አስቡት፣ በቀቀን ሁኑ ከተባለበት ዘመን ሃያ ዓመት ብቻ ነው ያለፈው፣ ሚኒስትርነት ሲሰጠው አልፈልግም የሚል ሰው መጣ።

2007 መጨረሻ ምርጫው ተበላሸ። ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ፣ ስንቱ ተፈናቀለ። ሱቅ ዘግተን ቤታችን ተቀምጠን ነበር። ኮፊ አናን መጣ፣ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2008 ኪባኪና ራይላ ሥልጣን ሊካፈሉ ፈረሙ። ሰላም ሆነ አልን። ካቢኔው ግን እስከ ኤፕሪል መሀል አልወጣም! ሰው ድንኳን ውስጥ እየተኛ እነሱ የትኛው ሚኒስቴር ለማን እያሉ ይጣላሉ። ሲወጣስ? 40 ያህል ሚኒስትር፣ ላይኛው ወንበር ላይ ጠቅላይ ሚኒስትርና ሁለት ምክትሎቹ፣ ሥሩ ደግሞ ምክትል ሚኒስትሮቹ ሌላ ጭፍራ። ጤና ጥበቃን ለሁለት ከፈሉት፣ አንዱ የሕክምና አገልግሎት፣ አንዱ የሕዝብ ጤና። ሆስፒታሉ የአንዱ፣ ክትባቱ የሌላው። ለሕመምተኛው ምን ጠቀመው? ምንም። ለሥልጣን ክፍፍሉ ግን ጠቀመ፣ እውነቱን እንናገር ካልን ጦርነቱንም ያቆመው ይሄ ክፍፍል ነው። እኔ ያን ካቢኔ ስወቅስም ስከላከልም ሰው ይገረማል፣ ውድ ነበር፣ አስቀያሚ ነበር፣ ግን ሱቄን ከፍቼ አደርኩ።

እዚያ ጠረጴዛ ላይ እነማን ተቀምጠው ነበር? ኪባኪ ፕሬዚዳንት፣ ራይላ ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ካሎንዞ ምክትል ፕሬዚዳንት፣ ኡሁሩና ሙዳቫዲ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር፣ ሩቶ ግብርና። ከዚያ ወዲህ ያሉትን ምርጫዎች ሁሉ የተፋለሙት እነዚሁ ናቸው። ሙዳቫዲ እኮ በሞይ ዘመን የገንዘብ ሚኒስትር ነበር፣ በ2002 ለሁለት ወር ያህል ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ፣ ዛሬም አለ! ለዚህ ነው ስሞቹን ተዉት ያልኳችሁ።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። የ2010ሩ ሕገ መንግሥት በሩን ቀየረው። አንቀጽ 152 እንዲህ ይላል፣ ሚኒስትሮች (አሁን ካቢኔት ሴክሬታሪ ነው የሚባሉት) ከ14 አያንሱ፣ ከ22 አይበልጡ፣ የፓርላማ አባል አይሁኑ። ፕሬዚዳንቱ ያጫል፣ ፓርላማው ይመረምራል፣ ያጸድቃል ወይም ይጥላል። ምክትል ፕሬዚዳንቱን ደግሞ ፕሬዚዳንቱ ማባረር አይችልም፣ አብሮት ተመርጧላ! ሰባት ሰዓት ዜና አበቃለት ማለት ነው። ዕጩው ቲቪ ላይ ወጥቶ ሀብትህ ስንት ነው፣ ዲግሪህ የት ነው፣ ይሄ ክስ ምንድነው ይባላል። ፀጉር ቤት ተቀምጣችሁ አይታችሁ ይሆናል፣ ሰዉ እንደ ኳስ ነው የሚያየው፣ ሚሊዮኑ በተጠራ ቁጥር ፉጨት ነው።

ሠራ ወይ? በ2013 ኡሁሩ ፕሬዚዳንት፣ ሩቶ ምክትሉ ሆነው በ18 ሰው ጀመሩ፣ አንድ ዓይነት ነጭ ሸሚዝና ቀይ ክራባት ለብሰው፣ ፖለቲከኛ ሳይሆን ባለሙያ ነው ያመጣነው አሉ። የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ከሆቴል ሥራ የመጣ ሰው ነበር። ጥቃቱ ሲበዛ በ2014 መጨረሻ ተነሳና ጡረተኛ ጄኔራል የሆነ የተቃዋሚ የፓርላማ አባል ተተካ፣ ሰውየውም ለመግባት የፓርላማ ወንበሩን መልቀቅ ነበረበት። ሕጉ ሠራ በሉኝ። በ2023 ደግሞ ሩቶ ፕሬዚዳንት ሆኖ 50 የሚኒስትር ረዳት ሲሾም ከፍተኛው ፍርድ ቤት ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ጣለው። ይሄም ሠራ። ግን ለሙዳቫዲ የተሰጠው «ዋና ካቢኔት ሴክሬታሪ» የሚባለው ወንበር ሕገ መንግሥቱ ውስጥ የት ነው ያለው? የለም! በበሩ ካልሆነ በመስኮት።

ከዚያ 2024። ወጣቶቹ በግብሩ አዋጅ ተነሱ፣ ጁን 25 ፓርላማው ውስጥ ገቡ፣ ሰው ተገደለ፣ በማግስቱ ሩቶ አልፈርምም አለ። ጁላይ 11 ካቢኔውን በተነ፣ ከሙዳቫዲ በቀር። እስቲ ልብ በሉ፣ በ2005 ካቢኔ የበተነው የምርጫ ካርድ ነበር፣ በ2024 መንገድ ላይ የወጡ ልጆች ናቸው፣ ያውም መሪ የሌላቸው፣ ፓርቲ የሌላቸው። ግን ከሁለት ሳምንት ገደማ በኋላ ዝርዝሩ ወጥቶ ሲያልቅ ግማሽ ያህሉ ያው የተባረሩት ናቸው፣ ሚኒስቴር ቀያይረው። አራት ደግሞ ከራይላ ፓርቲ ገቡ፣ ገንዘብ ሚኒስቴሩም ለነሱ ተሰጠ። እዚህ ሠፈር አንድ ልጅ ጥይት ሲተኮስ ሱቄ ውስጥ ተደብቆ የዋለ፣ ዝርዝሩን ስልኩ ላይ እያነበበ «አንክል፣ ለዚህ ነው እንዴ የሮጥነው?» አለኝ። ምን ልመልስለት? ፓርላማው ከተጩት አንዷን ጥሏል፣ ቢያንስ እሱ አለ አልኩት። አላጽናናውም።

በዚያው ዓመት ኦክቶበር ምክትል ፕሬዚዳንቱ ጋቻጉዋ በፓርላማ ተከሶ ተነሳ፣ የአገር ውስጥ ሚኒስትሩ ኪንዲኪ ተተካ። ኦዲንጋን ለማውጣት ወንበር መክተፍ፣ ሳይቶቲን ለማውጣት አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነበር። ለጋቻጉዋ ግን ታችኛው ምክር ቤት ድምፅ፣ ሴኔት ችሎት፣ ጠበቃ፣ የቀጥታ ስርጭት፣ ፍርድ ቤት። ውጤቱን ወደዳችሁት ጠላችሁት፣ ለማውጣት ብዙ ሰው ፊት ለፊት እጁን ማውጣት ነበረበት፣ ማን ምን ብሎ እንደመረጠም ተመዝግቧል።

የሚቀጥለው ምርጫ ኦገስት 10 ቀን 2027 ነው። ራይላ ባለፈው ኦክቶበር 2025 አርፏል፣ ፓርቲው ካቢኔው ውስጥ አለ፣ ሰዎቹ ይቆያሉ ወይስ ይወጣሉ የሚለው ነው አሁን ወሬው። እናንተ ግን ፌብሩዋሪ 2027ን ጠብቁ። ለምርጫ መወዳደር የሚፈልግ ሚኒስትር ከስድስት ወር በፊት መልቀቅ አለበት፣ በ2022ም በዚያው ወር የለቀቁ ነበሩ። ያን ሳምንት ማን ባንዲራውን አውርዶ እንደሚወጣ፣ ማን ደግሞ ተቀምጦ እንደሚቀር ተመልከቱ፣ የሚቀጥለውን ካቢኔ ግማሹን ያን ቀን ታነቡታላችሁ።

እኔ እዚህ ላይ አበቃሁ። ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ፣ እናትዬ እርስዎ ይጀምሩ፣ ማይኩን ስጧቸው።